«ጥርሱ ነው» ሲባል የኖረው ታሪክ

ስድስት ወር የሞላው ልጅ ሲነጫነጭ፣ ለሃጩ ሲንጠባጠብ ወይም ሌሊት አልተኛ ሲል ከጎረቤት መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ጥርሱ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ለእናትየው ነው፦ «ታዲያ ምን ዝም ብለሽ ታያለሽ?» እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም አንድ ዕዳ በማን ስም እንደተመዘገበ ማጣራት የሙያዬ ልማድ ነው። ስለ ሕፃናት ጥርስ የተጻፈውን ታሪክ ሳነብ ዕዳው ብዙ ጊዜ በእናት ስም ተጽፎ አገኘሁት። ይህ አመዘጋገብ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ከእናንተ ጋር ላየው እወዳለሁ።

ጥርስ ማብቀል ሕፃንን ለከባድ በሽታ ይዳርጋል የሚለው እምነት በጣም የቆየ ነው። በጥንታዊው የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁ ጽሑፎች ትኩሳትን፣ መንዘፍዘፍንና ተቅማጥን ከጥርስ መውጣት ጋር ያያይዛሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ጥርሱ እንዲወጣ የሕፃኑ ድድ በስለት ይሰንጠቅ ብሎ ጻፈ፤ ልማዱም በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ትውልድ ዘለቀ። በእንግሊዝና በዌልስ በ1839 እ.ኤ.አ. ብቻ የ5,016 ሰዎች ሞት ምክንያት «ጥርስ ማብቀል» ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ገብቷል።

ዛሬ ስናየው ስሕተቱ ግልጽ ነው። ስድስት ወር አካባቢ ልጁ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው በሽታ የመከላከል አቅም የሚቀንስበት፣ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበትና በእጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይከተላል። ጥርሱም የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ስለተመዘገቡ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም።

ነጋዴዎች ግን በዚህ እምነት አተረፉ። በ1849 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባንጎር በምትባል ከተማ «የሚስስ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ለገበያ ቀረበ። ማስታወቂያው የተረጋጋች እናትና ሰላም ያገኘ ልጅ ያሳያል። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ግን ሞርፊን ነው። ልጁ ዝም የሚለው ድዱ ስለዳነ ሳይሆን ስለደነዘዘ ነበር፤ ከእንቅልፋቸው ያልነቁ ሕፃናትም ነበሩ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በውስጣቸው ያለውን ሞርፊን በጠርሙሱ ላይ እንዲገልጹ የአሜሪካ ሕግ ያስገደደው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ገዢዋ እናት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ደግሞ የጥርስ ዱቄት ይሸጥ ነበር። ከዱቄቶቹ ብዙዎቹ ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ውሁድ ነበረባቸው። በዚያው ዘመን የሕፃናትን እጅና እግር የሚያቀላ፣ ብርሃን የሚያስጠላ፣ ዕረፍት የሚነሳና አንዳንዶቹንም የሚገድል «ሮዝ በሽታ» የተባለ ሕመም ተስፋፋ። ሐኪሞች ተላላፊ ነው፣ የምግብ እጥረት ነው እያሉ ለዓመታት ተከራከሩ። በመጨረሻ ጆሴፍ ዋርካኒ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ የታማሚዎቹን ሽንት አስመርምሮ ሜርኩሪ አገኘ፤ ከዶናልድ ሃባርድ ጋር ውጤቱን በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1954 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አምራቾች ካሎሜልን ከዱቄታቸው ሲያወጡ በሽታውም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ልጇ ሲነጫነጭ ዱቄቱን የሰጠች እናት፣ ዱቄቱ ራሱ ሲያነጫንጨው ጥርሱ የባሰበት መስሏት ልትጨምርለት እንደምትችል አስቡ። ይህን ያደረገችው ስለማትወደው አልነበረም።

በእኛም አገር ይኸው አስተሳሰብ ያለ ጠርሙስ ኖሯል። ልጅ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ አበጥ ብሎ የሚታየው ያልወጣ የውሻ ክራንቻ ጥርስ የበሽታው ምንጭ ነው ይባልና በምላጭ ወይም በሌላ ስለት ይነቀላል። መዘዙ መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ መበላሸት ነው። እስራኤል የሚገኙ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የዚህን ልማድ ምልክት አይተው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በመንቀል ሕፃን እንዲሞት ማድረግን በስም ጠርቶ ያስቀጣል።

ልጁን ያስነቀለች እናትም ሆነች ሽሮፑን የገዛች እናት የገፋፋቸው አንድ ነገር ነው፤ «ምንም ሳላደርግለት ቀረሁ» የሚል ጸጸት። ውላ የምትገባ ሠራተኛ እናት ይህን ጸጸት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከታሪኩ የምንማረው ግን ሕፃናቱን የጎዳቸው የእናት ዝምታ ሳይሆን በጸጸት ተገፋፍቶ የሚደረገው ነገር መሆኑን ነው። ዕዳው መመዝገብ የነበረበት ይዘቱን በደበቀው ሻጭና ሳይመረምር በፈረደው ባለሙያ ስም ነበር።

ጥርስ ሲወጣ ሕመም የለም ማለቴ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት 125 ሕፃናትን ተከታትሏል፤ ወላጆች በየቀኑ ሙቀት እየለኩና ምልክት እየጻፉ የ475 ጥርሶችን መውጣት መዘገቡ። መነጫነጭ፣ ለሃጭ፣ ማኘክ፣ ድድ ማሻሸትና የሙቀት ትንሽ ከፍ ማለት ጥርሱ በሚወጣባቸው ጥቂት ቀናት ታዩ። ከፍተኛ ትኩሳት ግን ከጥርስ ጋር የሚያያዝ ሆኖ አልተገኘም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ ድዱን በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት፤ በቀዝቃዛ የፈላ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እያዩት እንዲያኝክ መስጠት፤ ለሃጩን መጥረግ፤ ጡት ማጥባትና ማቀፍ። ሕመሙ ከጠናበት በጤና ባለሙያ ምክር እንደ ክብደቱ የሚለካ ፓራሲታሞል አለ። ድድ የሚያደነዝዝ ቅባት ለሕፃን አይሰጥም፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማርም እንዲሁ። ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው፣ ጡት እምቢ ካለ «ጥርሱ ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ምላጭ ይዘው ለሚመጡ ታላላቆቻችን መልሱ በአክብሮት ሊሆን ይችላል፦ «እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ላሳየው።» እነሱም የተማሩትን ነው ያደረጉት።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የምትጠይቀው ገንዘብ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ሳይጠብቅ በዕለቱ ከማኅበራዊ ቁጠባችን ይሰጣት። በመዝገቡ ላይ ለማስገባት አንድ መስመር ብቻ ይበቃል፤ እሱን እኔ እጽፈዋለሁ።