የጅቡቲ መንገድና የረዳቱ ወንበር

ጅቡቲ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ለረጅም ዘመን የባቡር ከተማ ነበረች። እርግጥ መኪናም ወደ መሀል አገር የገባው በእርሷ በኩል ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ እ.ኤ.አ. በ1907 ለአፄ ምኒልክ ያመጣው መኪና የመጣው በጅቡቲ ወደብ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የወደቡን ጭነት ባቡሩ ተረከበው። የከባድ መኪና ሾፌር ስሙን ያስጠራው በሌላ መንገድ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አሰብ በሚወርደው ላይ ነው። ዛሬ ከመሀል ጅቡቲ ወጣ ብላ፣ ፒኬ 12 በምትባለው ሰፈር የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ተሳቢዎችና ቦቴዎች ተደርድረው ወረፋ ሲጠብቁ የሚያይ ሰው ነገሩ የጥንት ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ይህን ሰልፍ የወለደው በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። አሰብ ተዘጋ፤ የአንድ ሰፊ አገር ገቢና ወጪ ንግድ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ በአንዲት ከተማ ላይ ወደቀ። በዚህ መንገድ ላይ ስለ ጀማሪ ሾፌሮች የሚነሣው ጥያቄም ሥሩ እዚያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ መኪናውና ጭነቱ በአንድ ጊዜ ሲበዙ፣ ሾፌር የሚበስልበት ዝግ ያለ ሥርዓት አብሮ መስፋት አልቻለም።

ያ ሥርዓት ሁለት እግር ነበረው። አንዱ በወረቀት የሰፈረው ነው። ሰዉ «ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ» እያለ በሚጠራው በቀድሞው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ፣ በአነስተኛ መኪና የሠራ ሰው ፈቃዱን ወደ ጭነት መኪና፣ ከዚያም ወደ ተሳቢ ያሳድግ ነበር። ሁለተኛው እግር ሕግ ያልጻፈው ረዳትነት ነው። በፊያት ኤንትሬ ዘመን ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ይደግፋል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል፤ ይህን ሁሉ እያደረገ ግን ዓመታት ሙሉ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ያጠናል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ እንዳለበት፣ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ አልይዝ እንደሚለው፣ የትኛው ኩርባ ሸክም የበዛበትን መኪና እንደሚገለብጥ የሚያውቀው መሪ ከመጨበጡ በፊት ነበር። የፈተና ሜዳ ይህን አያስተምርም።

ከ1990 በኋላ የመጣው ፍላጎት ይህን ሁሉ ቀደመው። መኪና በብድር ይገዛል፤ ሾፌር ግን ከውጭ ተጭኖ አይመጣም። የመንጃ ፈቃዱም ሕግ በዚሁ ዘመን ተለወጠ፤ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ምድቦቹን እንደ አዲስ ደልድሎ ዕድሜን፣ የትምህርት ደረጃንና የማሠልጠኛ ተቋምን ሥልጠና መለኪያ አደረገ፤ በኋላም አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተካው። የአዋጆቹ ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም፤ የመንገድ ምልክት የማያውቅ ሾፌር መንገድ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ተገቢ ነው። የጎደለው ሌላ ነው። በከተማ የሠለጠነ ወጣት ፈቃዱን ይዞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ፣ ድንበሩን በጋላፊ ተሻግሮ፣ በዲኪል በኩል ባሕር እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ቁልቁለቱን ሲጨርስ በረሃው ይቀበለዋል፤ ግራንድ ባራ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለው ሜዳ በዚያ ሙቀት ፍጥነትንም እንቅልፍንም ይጋብዛል። ለዚህ ጉዞ ያዘጋጀው የነበረው ወንበር፣ የረዳቱ ወንበር፣ በሕጉ ውስጥ ስም የለውም።

አደጋውን የሚያበዙት መንገዱና ያረጀው መኪና እንጂ ጀማሪው አይደለም የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከጋላፊ ወደ ዲኪል የሚወስደው መንገድ ለዓመታት ተቦርቡሮ ሾፌሩን ሁሉ ሲያማርር ኖሯል። ሆኖም መጥፎ መንገድ ሁሉንም እኩል አይጎዳም፤ የሚያውቀው ሰው ጉድጓዱን ከሩቅ ይጠብቀዋል፣ አዲሱ ሲያየው መሪውን ይጠመዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ከ100,000 ሰው 26.7 እንደሚሞት ገምቶ ነበር። ይህን ያህል ሕይወት በአንድ ምክንያት ብቻ አይጠፋም፤ ስለዚህም አንዱን ምክንያት ጠርቶ ሌላውን ማለፍ አይቻልም። ልምድ በአዋጅ አይሰጥም የሚለውን ሙግትም ታሪክ አይደግፈውም። ኢትዮጵያ በሰኔ 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትሻገር በአንድ ቀን የአገሪቱ ሾፌር ሁሉ ጀማሪ ሆኖ ነበር፤ መንግሥት ያንን መለወጥ የቻለው ሕግ አውጥቶ ነው። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1987 ለጀማሪዎች ፈቃድን በሦስት ደረጃ ከፋፍላ ስትሰጥ፣ መጀመሪያ ከልምድ ባለቤት ጋር፣ ቀጥሎ በገደብ፣ በመጨረሻ በነጻ እንዲነዱ ያደረገችው በሕግ ነው።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ረዳትነቱን ራሱን የሚመለከት ነው። ረዳት ይበደል ነበር፤ ደመወዙ የሾፌሩ ችሮታ ነበር፤ ፈቃድ ሳይኖረው ሌሊት መሪ ይሰጠው ነበር፤ ሾፌሩ ጫት እየቃመ ያለ ዕረፍት የሚነዳ ከሆነ ረዳቱ የሚማረውም ያንኑ ነው። ይህን መካድ አይገባም። እኔም ያንን ልማድ እንዳለ እንመልሰው አልልም። የምለው ወንበሩ ሕጋዊ ይሁን ነው፦ የከባድ መኪና ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ብቻውን ወደ ጅቡቲ ከመሰማራቱ በፊት፣ በዚህ መስመር ከነባር ሾፌር ጋር የተወሰነ ጊዜ ይመላለስ፣ ጉዞው ይመዝገብ፣ ነባሩ ሲደክም የሚነዳው በሕግ የተፈቀደለት ይሁን፣ ደመወዙም በውል ይታሰር። ወጪ ይጨምራል የሚሉ ባለንብረቶች ረዳት ዛሬም ያንኑ ወንበር ይዞ እንደሚሄድ ያውቃሉ። የ752 ኪሎ ሜትሩ አዲስ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጭነት ቢያነሣም ተሳቢውን ከመንገድ አላወጣውም፤ ስለዚህ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይለቃል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ጋላፊ ላይ ፈቃዱን ተቀብሎ የሚያየው ፖሊስ የሚያነበው ምድብና ቀን ነው፤ ይህ ሰው በዚህ ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደ ወረደ፣ ከማን ጋር እንደ ወረደም እዚያው ወረቀት ላይ ሊጻፍለት ይገባል።