አልነሣ ያለ ኮምፒውተር፣ ያልተነበበ ዘመን

አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር አላችሁ? ለቆራሌ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የምትሸጡት «አይነሣም፣ ተበላሽቷል» ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ነገሩ የአሮጌ ዕቃ ፍቅር አይደለም፤ የማስረጃ ጉዳይ ነው።

የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱት በሰው ምስክር ብቻ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በእጁ ከገቡት ማስረጃዎች ከባዱ ሥርዓቱ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠው ወረቀት ነበር፤ ፊርማ ያረፈበት የግድያ ትእዛዝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ወረቀቱ ባትሪ አልጠየቀም፣ ፎንት አልጠየቀም። ከመደርደሪያ አውርዶ ማንበብ ብቻ ነበር።

አሁን ጥያቄውን ገልብጡት። ከደርግ በኋላ የተጻፈውስ የት ነው ያለው?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የተመላለሰ ሰው መልሱን በዓይኑ አይቷል። ፍርድ ቤት ባለበት ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ያ ሙያ በብዕር ጀመረ፣ ወደ ታይፕ ተሻገረ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ገባ። ታይፕ በነበረ ጊዜ በካርቦን የወጣው ቅጂ በጸሐፊው ወይም በባለጉዳዩ እጅ ይቀር ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱ ቅጂ ታትሞ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ፤ ሌላው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ቀረ። ልደታን ያነሣሁት ለምሳሌ ነው። በየቢሮው፣ በየማኅበሩ፣ በየፓርቲው፣ በየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የሆነው ይኸው ነው።

ጊዜው ደግሞ ተራ ጊዜ አልነበረም። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ሕገ መንግሥቱ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ምርጫ 97። ዛሬ በየቀኑ የምንጨቃጨቅበት ነገር ሁሉ የተረቀቀው፣ የታረመውና የተሰረዘው በእነዚህ ዓመታት ነው። የታተመው እጃችን ላይ አለ። ረቂቁ፣ ያልተላከው ደብዳቤ፣ ከመጨረሻው ቅጂ የወጣው አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው በትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም ዶክተር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው፣ ፊደላችንን በኮምፒውተር ለመጻፍ የየራሳቸውን መንገድ ጠረጉ። እዚህ አገር ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አጋፋሪ» የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጀ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው። ለዛሬው ወሬያችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። አሮጌ ኮምፒውተር «አልነሣም» ሲል ምን እያለ ነው?

ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ቀጥሎ «ሃርድ ዲስክ አለኝ? ምን ዓይነት ነው?» ብሎ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ይጠይቃል። ከዚያ ከዲስኩ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ያነባል፤ 512 ባይት ብቻ ናት። እሷ ወደ ዶስ ወይም ወደ ዊንዶውስ መነሻ ፋይሎች ትመራዋለች። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ስክሪኑ ላይ «ኖን ሲስተም ዲስክ» የሚል ወይም የዚህ ዘመድ የሆነ ጽሑፍ ይመጣል። ልብ በሉ፤ የተበጠሰው ወደ ጽሑፉ የሚወስደው መንገድ ነው። ጽሑፉ ራሱ ብዙውን ጊዜ ባለበት አለ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ባትሪ ነው። ያቺ ማስታወሻ የምትኖረው በትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሞት ማሽኑ ዲስኩን ይረሳል፣ ቀኑንም ይረሳል። ብዙዎቹ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ያደርጉታል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህን ቀን ካያችሁ ዲስኩ ሞተ አትበሉ፤ የሞተው ባትሪው ሊሆን ይችላል። ባትሪ ቀይሮ፣ ሴትአፕ ውስጥ ገብቶ፣ ዲስኩ ላይ የተለጠፉትን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች በትክክል ማስገባት ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የተበየደ በርሜል መሰል ባትሪ አለ፤ እሱ ፈስሶ ቦርዱን ስለሚበላ ቶሎ መነቀል አለበት።

ሁለተኛው ያስቃል፤ ድራይቩ ውስጥ የተረሳ ፍሎፒ ነው። ማሽኑ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ፍሎፒውን ያያል፤ መነሻ ፋይል ሲያጣበት ይቆማል። ማውጣት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ኬብል ነው። ሪባን የሚመስለው ኬብል ሲላላ ወይም ተገልብጦ ሲሰካ ዲስኩ አይታይም። ባለ ቀይ መስመሩ ጠርዝ ወደ አንደኛው ፒን መሆን አለበት። ሁለት ዲስክ ካለ ማስተርና ስሌቭ የሚለዩት ትንንሽ ጃምፐሮችም ይታዩ።

አራተኛው ቫይረስ ነው። በፍሎፒ ዘመን ቫይረሱ የሚደበቀው እዚያችው የመጀመሪያዋ ቁራጭ ውስጥ ነበር። እዚህ ላይ መቸኮል ያስጠፋል። «ዋን ሃፍ» የተባለው ቫይረስ ዲስኩን ቀስ በቀስ በቁልፍ ይቆልፋል፤ ቁልፉን የያዘው ራሱ ቫይረሱ ነው። እሱን ቀድሞ የደመሰሰ ሰው ቁልፉን አብሮ ጣለ።

አምስተኛው መብራት ነው። ማሽኑ እየጻፈ እያለ መብራት ድርግም ሲል የመነሻ ፋይሎቹ ይጎዳሉ። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የእኛ ሰፈር ጥገና ቤት መልስ አንድ ነበር፤ «ፎርማት ይደረግ።» ማሽኑ ተነሣ፣ ባለቤቱ ከፈለ፣ የዓመታት ጽሑፍ ጠፋ። ጠጋኙን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ደንበኛው የጠየቀው ማሽኑ እንዲሠራ ነው፣ ውስጡ ስላለው ማንም አልጠየቀም። ዘመናችን ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ መዝገቡ አላሰበም።

ዲስኩ ተነበበ እንበል። ሁለተኛው ቁልፍ እዚህ ይጠብቃችኋል። ፋይሉን በዛሬው ኮምፒውተር ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ታያላችሁ። አልተበላሸም። የእኛ ፊደል መሠረቱ ብቻ 33 በ7፣ 231 ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 ቦታ አይበልጥም፤ ከዚያም የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ሠሪ «ሀ»ን አንድ ቦታ አስቀመጠ፣ ሌላው ሌላ ቦታ፤ አንዳንዱም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። የግዕዝ ፊደል የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» ፎንትን ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ ካልታወቀ ፍቺው እጅግ አድካሚ ነው። ያ ፕሮግራምና ፎንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው አልነሣም ባለው ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑን የጣለ ሰው መቆለፊያውንና ቁልፉን አንድ ላይ ጣለ።

የእንዳባ ገሪማ ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ይነበባል። የ1988 ዓ.ም. ፍሎፒ ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ይሻግታል፣ ማግኔቱም ይደክማል።

ከዚህ ላይ የከተማውን መፍረስ ጨምሩበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ሰው ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ። ዛሬም ብዙ ሰፈር እየተነሣ ነው። ቤት ሲለቀቅ ሶፋው ይጫናል፣ የማይሠራው ኮምፒውተር ለቆራሌ ይሰጣል። ከቆራሌ ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያ መዳቡ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ። ታሪካችን በኪሎ ይሸጣል።

አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጸድቋል። ሁለቱም «ምን ሆነ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ደርግ በወረቀቱ ተጠየቀ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ዲስኩ ስለተጣለለት ብቻ ከጥያቄ ካመለጠ፣ ያዳነው ንጽሕናው ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው። በሐሰት የተወነጀለ ሰውም ነፃ የሚያወጣውን ወረቀት የሚያጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ያላችሁ ሰዎች፦

አንደኛ፣ በፍጹም ፎርማት አታስደርጉ፤ «ሲስተም ጫንበት»ም አትበሉ።

ሁለተኛ፣ እንዲነሣ አትታገሉት። ሃርድ ዲስኩን አስወጥታችሁ በማገናኛ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አያይዙትና ሙሉ ቅጂ አንሡ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ያሉት አይ ዲ ኢ ዲስኮች በብዛት በዚህ መንገድ ይነበባሉ። ከዚያ የቀደሙት የራሳቸውን ካርድ ስለሚፈልጉ ከማሽኑ አትለዩዋቸው።

ሦስተኛ፣ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ፎንቱንና ፕሮግራሙንም ቅዱ።

አራተኛ፣ ፍሎፒ ካለ አጽድታችሁ በመጀመሪያው ንባብ ሙሉውን ቅዱ። አንዱ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምታነሡት አንድ ፎቶ አይበቃውም። ግን የአንድ ጋዜጣ እትም ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል።

ለተቋማት ደግሞ አንድ ቃል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የመሰብሰብ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ዜጋ አሮጌ ዲስክ ይዞ ሲመጣ የሚቀበል አንድ ክፍል፣ ጥቂት ማሽን፣ ሁለት ባለሙያ ማኖር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ፍርድ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶችም ንብረት ሲያስወግዱ ኮምፒውተሩን ከጨረታ በፊት ዲስኩን ይፈትሹ።

ወረቀቱን ምስጥ ቢበላው አዝነን ነበር። ዲስኩን ግን እያየን፣ በገዛ እጃችን፣ በኪሎ እየሸጥነው ነው።