የዱቄት ቅብ የአሉሚኒየም ቸርኬን ጥንካሬ ይቀንሳልን?
ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች፣ ለአሽከርካሪዎችና ለጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ መረጃ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው፣ ከዚያም የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ጉንደወይን የሚዘልቀው መንገድ ተሽከርካሪን ከብርዳማው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ሞቃታማው ቆላ የሚያወርድ፣ ረጅም ቁልቁለትና ተደጋጋሚ ጠመዝማዛ ያለበት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የተሽከርካሪውን ክብደት፣ የፍሬኑን ሙቀትና የድንጋዩን ምት ከጎማው ጋር የሚሸከመው ቸርኬው ነው። በመሆኑም ቸርኬን ለማሳመር ወይም ከጉዳት ለመከላከል የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ጥንካሬውን የማይነካ መሆኑ አስቀድሞ ሊረጋገጥ ይገባል።

ስለ ዱቄት ቅብ በተደጋጋሚ ለሚነሣው ጥያቄ አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። በተገቢው ሙቀትና ጊዜ የተከናወነ የዱቄት ቅብ የቸርኬን ጥንካሬ በሚያሰጋ መጠን አይቀንስም፤ አይጨምርምም። አደጋው ያለው ከልክ ባለፈ ሙቀት፣ በአሮጌው ቀለም አነሣስና ቅቡ ሊሸፍነው በሚችለው ጉዳት ላይ ነው።

የዱቄት ቅብ ምንድን ነው?

የዱቄት ቅብ በፈሳሽ ያልተበጠበጠ፣ ደረቅ ቀለም ነው። ዱቄቱ የኤሌክትሪክ ሙላት ተሰጥቶት በንጹሕ ብረት ላይ ይነፋል፤ ብረቱም ምድጃ ውስጥ ገብቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ዱቄቱ ቀልጦ ይጠነክራል። ለበርና ለመስኮት የሚሆን የአሉሚኒየም ፕሮፋይልም በዚሁ ዘዴ ይቀባል። በርካታ ቸርኬዎች ከፋብሪካ ሲወጡም ከቀለማቸው ንብርብሮች አንዱ የዱቄት ቅብ ነው።

የቸርኬው ጥንካሬ ከየት ይመጣል?

አብዛኞቹ ቀላል ቸርኬዎች የሚፈሱት 7 በመቶ ገደማ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዥየም ካለበት የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ቸርኬው ከተፈሰሰ በኋላ 540 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ይቆይና በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ቀጥሎም ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው መጠነኛ ሙቀት ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ የማግኒዥየምና የሲሊከን ቅንጣቶች በብረቱ ውስጥ ይፈጠራሉ፤ ቸርኬው ጫናን እንዲቋቋም የሚያደርጉትም እነዚህ ቅንጣቶች ናቸው።

ይህ አሠራር አንጥረኛ ብረትን አግሎ ውኃ በማጠጣት ከሚያጠነክርበት ልማድ የተለየ ነው። የጋለ አሉሚኒየም ውኃ በማጠጣት ብቻ አይጠነክርም። ስለሆነም ከልክ በላይ የሞቀን ቸርኬ በውኃ ማቀዝቀዝ የጠፋውን ጥንካሬ አይመልስም።

ሙቀት ጉዳት የሚያደርሰው መቼ ነው?

የሙቀቱ መጠንና የቆይታው ጊዜ አብረው መታየት አለባቸው። በ180 ወይም በ200 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ የሚደረግ ምድጃ ቸርኬው በፋብሪካ ካለፈበት ሂደት ብዙ የማይርቅ በመሆኑ የሚያስከትለው ለውጥ አነስተኛ ነው። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ እያለፈ፣ ጊዜውም እየረዘመ በሄደ መጠን ግን ቅንጣቶቹ ያለመጠን ያድጋሉ፤ ብረቱም ይለሰልሳል። ሁለትና ሦስት ንብርብር በተቀባ ቁጥር በምድጃ ያለፈው ጊዜ ስለሚደማመር የንብርብሩ ብዛትም ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ከቅቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችግር የሚሆነው አሮጌውን ቀለም የማንሣት ሥራ ነው። ቀለምን ከ350 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ማቃጠል ለብረት ላሜራ ቸርኬ ሊያገለግል ቢችልም ለአሉሚኒየም ግን የፋብሪካውን የሙቀት ሕክምና የሚያጠፋ ነው። የተጣመመ ቸርኬን በእሳት አግሎ ማቅናትና የተሰነጠቀን መበየድም በተመሳሳይ መንገድ በአካባቢው ያለውን ብረት ያለሰልሳሉ። ይህ ለውጥ በዓይን አይታይም፤ ቸርኬው አዲስ መስሎ እያለ በመጀመሪያው ከባድ ምት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቅቡ የሚያስገኘው ጥቅምና የሚሸፍነው ጉዳት

በአግባቡ የተቀባ ቸርኬ ከእርጥበትና ከጠጠር ጭረት የተጠበቀ ይሆናል። በመበላት የሚፈጠሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ለስንጥቅ መነሻ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቅቡ በዚህ ረገድ ለቸርኬው ዕድሜ ይረዳል። በአንጻሩ ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ፣ የተበየደ ቦታ ወይም በሙሌት የተስተካከለ ጠርዝ ከወፍራም ቅብ ሥር ይሰወራል። ስለዚህ ምርመራ ከቅብ መቅደም አለበት፤ ስንጥቅ የተገኘበት ቸርኬም ሊቀባ ሳይሆን ከአገልግሎት ሊወጣ ይገባል።

ሌላው ትኩረት የሚያስፈልገው የዳዶ ወይም የቡሎን መቀመጫና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ወፍራም ቅብ ከቀረ በአገልግሎት ጊዜ እየታመቀ ስለሚሳሳ የዳዶው ጥብቀት ይላላል። የቸርኬው ብረት ጤናማ ቢሆንም እንኳ የላላ ዳዶ ጎማን እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል።

ባለንብረቶች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

• ሥራውን ከመስጠት በፊት የምድጃው ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደሆነና ቸርኬው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መጠየቅ፤ ሙቀቱን መለካት የማይችል አገልግሎት ሰጪን አለመጠቀም።

• አሮጌው ቀለም በቃጠሎ ሳይሆን ለአሉሚኒየም በሚስማማ ኬሚካል ወይም በቀላል አሸዋ ነፋ እንዲነሣ ማድረግ። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ኃይለኛ አልካሊ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላል።

• ጎማው፣ የአየር መሙያው ቫልቭና ማናቸውም የጎማ ግፊት መለኪያ ከቸርኬው ተነሥተው መቀመጣቸውን ማረጋገጥ።

• የዳዶ መቀመጫና የመገጣጠሚያው ገጽ ተሸፍነው ከቅብ ነጻ እንዲሆኑ ማሳሰብ።

• ከተገጠመ በኋላ ዳዶዎችን በአምራቹ መመሪያ መሠረት በመለኪያ ቁልፍ ማጥበቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም እንደገና መፈተሽ፤ ባላንስም ማሠራት።

• መሪው ከተንቀጠቀጠ ወይም ጎማው በተደጋጋሚ አየር ከቀነሰ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመር በፊት ቸርኬውን ከውስጥም ከውጭም ማስመርመር።

ቴክኒክ ምርመራና የባለንብረቱ ኃላፊነት

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ሆኖም በሙቀት የለሰለሰ ብረት በመልኩ ስለማይለይ የዓመቱ ምርመራ ቸርኬው ያለፈበትን የጥገና ታሪክ አይተካም። ቸርኬው የት፣ በምን ሙቀትና ስንት ጊዜ እንደተቀባ የሚያሳይ ጽሑፍ መያዝ ለባለንብረቱም ሆነ ወደፊት ተሽከርካሪውን ለሚገዛው ሰው ይጠቅማል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ተመሳሳይ መጠን ካላቸው የነዳጅ መኪኖች ይከብዳሉ፤ ብዙዎቹም የአሉሚኒየም ቸርኬ የተገጠመላቸው ናቸው። ስለዚህ ቸርኬ ሲለወጥ በላዩ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ከመኪናው ክብደት ጋር መመሳከር ይኖርበታል፤ ሲቀባም ከላይ የተመለከተው የሙቀት ገደብ መጠበቁ የአሽከርካሪውን፣ የተሳፋሪውንና የእግረኛውን ደኅንነት የሚመለከት ጉዳይ ነው።