ሀራም ያልተባለው ጠርሙስ

አባቴ አልኮል ቀምሶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ መርካቶ ሲነግድ፣ ከሱቁ ጀርባ አረቄ ቤት፣ ከፊት ለፊቱ ቢራ የሚያወርድ መኪና እያለ፣ አንድ ቀን ከንፈሩን አላስነካም። ሰው በዚህ ያከብረዋል፣ እሱም በልቡ ይኮራበታል። ለዚህ ነው የዛሬ ሦስት ዓመት የግራ እግሩ ትንሿ ጣት መቆረጥ እንዳለባት ሲነገረው መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «እኔ እኮ አልጠጣም!» የሚል ቃል የሆነው።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። «አልኮል አይጠጡም፣ ገብቶኛል» አለችው ቀስ ብላ። «ለስላሳስ፣ አባቴ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት አንድ፣ ከምሳ ጋር አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጠርሙስ እየሮጥኩ የማመጣለት እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን የመጣብኝ ጥያቄ እስካሁን አለቀቀኝም። አንዱን ጠርሙስ በሃይማኖትም በሕግም ስንጠነቀቅ፣ ሌላውን እንዴት እንዲህ ዝም ብለን ቤታችን አስገባነው? መልሱን ስፈልግ ያደግኩበት ሰፈር ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

መርካቶ ከመኖሩ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ያኔ መጠጥ ማለት ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ነው። ጠጅ በቤተ መንግሥት ግብር የሚቀርብ የክብር መጠጥ ሲሆን፣ ጠላ ደግሞ የየቤቱ ነበር። በከተማው ብቻዋን ኑሮን ለምትገፋ ሴት ጠላ መጥመቅና አረቄ ማውጣት ከዋነኞቹ መተዳደሪያዎች አንዱ ነበር። በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ከተደፋበት፣ «እዚህ ጠላ አለ» ማለት ነው። ማስታወቂያው ይኸው ነበር፣ በቃ። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ግን መጠጥ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ። ጠርሙስና ምልክትም አብረውት መጡ።

ቀጥሎ ጣልያን መጣ። ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት በወጣው የከተማ ፕላን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፣ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» እንደማለት። ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ቢሸነፍም ገበያው እዚያው ቀረ፣ ስሙም ቀረ። «ቢራ» የሚለው ቃል ራሱ እኮ የጣልያንኛ ነው።

የለስላሳው ታሪክ ከዚህ በኋላ ይጀምራል፣ መነሻውም ስኳር ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ፣ ወንጂ፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ኮካ ኮላ እዚሁ አገር በጠርሙስ መሞላት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ማለትም ከአምስት ዓመት በኋላ። ፔፕሲም ተከተለ። የፋብሪካዎቹን ቦታ እስኪ ልብ በሉ፦ ኮካ አብነት፣ አንዱ የፔፕሲ ፋብሪካ ተክለ ሃይማኖት። ሁለቱም የመርካቶ ጎረቤት ናቸው። እኔ ሰፈር ውስጥ «ኮካ» ስትል ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ነው እንጂ መጠጡ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ከፋብሪካ ወጥቶ በጋሪም በወዛደር ትከሻም ሱቃችን ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም ነበር።

ግን ቅርበቱ ብቻ አይመስለኝም። ለስላሳን መርካቶ ላይ ያነገሠው ሌላ ነገር አለ።

አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ሰፈር ሰርግ ስትደግስ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት ዓይነት ድስት ታሰናዳለህ፣ የእስላሙና የክርስቲያኑ ለየብቻ። ጠጁን ሙስሊሙ አይነካም። ወተቱን ክርስቲያኑ በጾም አይነካም። ለስላሳ ግን ሀራም አይደለም፣ ጾምም አያስገድፍም። ጴንጤውም ይጠጣዋል፣ ሕፃኑም፣ አሮጊቷም። ድሮም ብርዝ ነበር፣ ጌሾ ያልገባበት የገብስ መጠጥም ነበር። ግን እነሱን አንድ ሰው ጓዳ ገብቶ ማዘጋጀት አለበት። ለስላሳው ተዘጋጅቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቆርኪው ብቻ ቀርቶት መጣ። አብረን መብላት ላልቻልን ጎረቤታሞች አብረን የምንጠጣው ነገር ሆነ። ይህን ስረዳ በአባቴ መፍረድ አቃተኝ። እሱ ለሰው ያዘዘው ፍቅር መስሎት ነው።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ለስላሳ፣ ለኢፍጣር ለስላሳ፣ አራስ ሲጠየቅ ለስላሳ። ሌላው ቀርቶ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ሲጠየቅ ለስላሳ ይዘን እንሄዳለን። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠው የሱቅ ልጅ የጫቱን ምሬት የሚያወራርደው በዚሁ ነው። ስሙም አዘናጋን። «ለስላሳ» የሚባል ነገር ማንን ይጎዳል?

ሒሳቡን ግን እንደ ነጋዴ ልጅ ላስላው። የተለመደው ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ተኩል ያህል ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ይመጣል፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ተጨማሪ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ይህን ያልፈዋል። የአባቴ አራት ጠርሙስ በዓመት ሲደመር 46 ኪሎ ስኳር ነው። እህል በረንዳ ሄዳችሁ የግማሽ ኩንታል ጆንያ እዩና እንደ መጠጥ አስቡት።

በፈሳሽ የገባ ስኳር ሆድ አይሞላም፣ ስለዚህ ከጠጣን በኋላም የምግቡን ያህል እንበላለን። ፍጥነቱ ጣፊያችን አጠገብ ያለውን ቆሽት ኢንሱሊን እያመነጨ እንዲሮጥ ያደርገዋል፣ ጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፣ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቆማል። ዘርም፣ ዕድሜም፣ ቁጭ ብሎ መዋልም ድርሻ አላቸው፣ ሐኪሟም ጥፋቱን ለጠርሙሱ ብቻ አልሰጠችም። ከፍ ብሎ የከረመ ስኳር ግን የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል። አባቴን አዲስ ጫማ ልጦት ነበር። ሳምንት ሙሉ አልተሰማውም።

አልኮሉ ንጹህ ነው እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ጉበት፣ ጉሮሮ፣ ጡት ሁሉ ከዝርዝሩ አሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለጤና አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ከአረቄ ቤቱ በር ላይ እየተነሱ የሄዱ ወዛደሮችን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ይህን ለመናገር ጥናት አያሻኝም። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከቢልቦርድ አወረደ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው። ቢራው ከቢልቦርዱ ሲወርድ ግን ለስላሳው እዚያው ቀረ፣ ቤተሰቡ ማዕድ ከብቦ እየሳቀ።

እኛ ደግሞ ለበሽታው ሌላ ስም እንኳን አላወጣንለትም። «ስኳር አለበት» ነው የምንለው። ቋንቋችን ነገሩን ያወቀ ይመስላል፣ እኛ ነን ያልሰማነው።

አባቴ አሁን ለስላሳ አይጠጣም። በሽታው አልጠፋም፣ ኪኒኑንም ጠዋትና ማታ ይውጣል፤ ግን ልኬቱ ወርዷል፣ እግሩም ዳግም አልቆሰለም። ከባዱ ነገር ጥሙ አልነበረም፣ እንግዳው ነበር። ደንበኛ መጥቶ ባዶ አፉን አይሸኝም። ብዙ አሰብንና አምቦ ውሃ ላይ ደረስን። ከለስላሳውም በፊት ጠርሙስ ውስጥ የገባ የአገር ውሃ ነው፣ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሀራም አይደለም፣ ጾምም አያስገድፍም።

ባለፈው ወር አንድ የድሮ ደንበኛው ብርጭቆውን አይቶ «ሀጂ፣ ንግድ ቀዘቀዘ እንዴ? ውሃ ጀመርክ?» አለው።

አባቴ ጫማውን አወለቀና እግሩን አሳየው። «በጣቴ የገዛሁት ነው» አለው። «ጠጣ።»

ሰውዬው ጠጣ። እኔም ሁለተኛ ጠርሙስ ላመጣ ወጣሁ፣ በዚህኛው ግን አልሮጥኩም።