ሦስት ዛጎል ጎደለ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። የእህቴ ልጅ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ኅዳር ላይ ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ዘንድ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን ባሕር ባሕር ሲሉ ኖሩ፤ ፓስፖርት ያውጡና ልውሰድዎ» አለኝ። አወጣሁ።

ለእናቴ ብነግራት ምንም አልመሰላት። ተነሥታ ከቆጡ ላይ አንቀልባዋን አወረደች፤ እኔንም ታናናሾቼንም ያዘለችበት፣ ጠርዙ በዛጎል የተሰፋ አሮጌ ቆዳ። በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረችና፣ «ሦስት ጎድሏል፤ ከሄድክ ይዘህልኝ ና» አለች። እኔ ውቅያኖስ አያለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እሷ የጎደለ ዛጎል ትቆጥራለች!

ግን አስቡት እስቲ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛጎል ደግሞ የሞቃት ባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ያ ነገር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአጋሰስ ወደ አጋሰስ እየተላለፈ የጎጃም እናት ጀርባ ላይ ደርሷል። ከእኛ በታች፣ የጁቤ ዘንድ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ የተሻገረ ወርቅ፣ ቡናና ዝባድ፣ መደበቅም አይገባም ባሪያም ጭምር፣ በዚያ አልፎ በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ እየተመነዘረ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። ጎጃሜ ባሕሩን ባያየውም ቀምሶታል፣ ለብሶታል።

መንገዱን አላስረዝመውም። ዓባይን ወርደን ወጣን፤ አዲስ አበባ አድረን በአዋሽና በሚሌ አድርገን በገላፊ ተሻገርን። ጋቢዬን አዋሽ ላይ አጣጥፌ ከመቀመጫው ሥር ከተትኩት፤ ተመልሼ እስክመጣ አልፈታሁትም።

ጅቡቲ የገባነው በሌሊት ነው። ጎሕ ሲቀድ ልጁ ከከተማው ዳርቻ ወስዶ አቆመኝና፣ «ይኸው ጋሼ» አለኝ። ባየው፣ ባየው ባሕር የለም! ጭቃ ነው። ሰኔ ላይ እንደታረሰ ማሳ የሚያብለጨልጭ ረግረግ፣ በላዩም ጀልባዎች እንደታመመ በሬ በጎናቸው ተኝተው።

«ባሕሩ የት አለ?»

«ሸሽቶ ነው፤ ይመጣል።»

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። በኋላ ስድስት ሰዓት ገደማ ብንመለስ፣ የእግዜር ያለህ! ጭቃው የለም፤ ውኃው መንገዱ ሥር ድረስ ሞልቷል፣ ጀልባዎቹም ቀና ብለው ይወዛወዛሉ። ጨረቃ እየሳበች ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ይሄዳል ይመጣል፣ አለኝ። የእኛ ጣናም ይሞላል፣ ይሸሻል፤ ግን እንደ ጨዋ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ክረምቱን ጠጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ሰኔ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ገበሬውም የለቀቀለትን መሬት እየተከተለ ይዘራበታል። ይኼኛው በስድስት ሰዓት ውስጥ ሐሳቡን የሚቀይር ነው፤ ማን ዘርቶ ያጭድበታል?

በማግስቱ ከዶራሌ ወደብ አለፍ ብሎ ወዳለው ኮር አምባዶ ሄድን። እዚያ ዓለቱ ጥቁር ነው፣ ልክ የጮቄ ድንጋይ፤ ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ፍርዴን ጠይቁኝ፦ ለመቀመጥ ጣና ይበልጣል። ባሕር ዳር ዋርካ ሥር ትቀመጣለህ፣ ደንገሉ ይንሿሿል፣ ታንኳ ያልፋል፣ ከጠማህም ውኃው አለ። እዚህ ያን ሁሉ ውኃ ፊት ለፊት ዘርግተህ የምትጠጣው ከሱቅ የገዛኸውን ነው። ጥላ የሚባል ነገርም የለም።

ለማየት ግን ሌላ ነው። የደጋ ሰው ዓይኑ ተራራ ይደገፋል፤ ጣና ላይ እንኳ ደሴት አለ። እዚህ ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ዞረብኝ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ እንዳይስቅብኝ ዛጎል የምፈልግ መሰልኩ። ሁለት አገኘሁ፤ ሦስተኛውን እዚያው ከሚጫወት ልጅ ገዛሁት።

ተሳቢው ዩሪያ ጭኖ ተመለስን። በየሰኔው «ማዳበሪያው ዘገየ» እያልን የምንጨቃጨቅበት ማለት ነው፤ ያም የባሕር ዕቃ ነው።

አሁን የማወጋችሁ ነገር የደረሰው ግን ባሕር ላይ አይደለም። ጎሐ ጽዮንን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ሞተሩ ጋለና ልጁ ዳር ያዘ። ወርጄ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ተደገፍኩ። ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። እጄ ሥር ምን አለ? ዛጎል! የእናቴ ዓይነት አይደለም፤ ሁለት ማንኪያ አፍ ለአፍ የገጠመ የመሰለ፣ ድንጋይ ሆኖ ድንጋይ ውስጥ የተቀበረ። አንዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ደርብ በደርብ ነው። ስንት ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት አልፌዋለሁ!

የሥነ ምድር ሊቃውንት ነገሩን ያውቁታል። ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ፣ ይህ አገር የባሕር ወለል ነበር፤ የኖራ ድንጋዩ የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ባሕሩ ከሸሸ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ደረበበት። ዓባይ ነው ቆርጦ ቆርጦ ያጋለጠው። እኔ ባሕር ለማየት አገር ተሻግሬ፣ ለካ በሸሸ ባሕር ላይ ነው ያደግኩት፤ ይኼኛው ግን በስድስት ሰዓት አልተመለሰም።

ከመንገዱ ዳር የወደቀች አንዲት ቁራጭ ኪሴ ከተትኩ።

እናቴ ሦስቱን ዛጎሎች በመዳፏ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «አንተ ልጅ፣ ጀርባቸው አልተቆረጠም እኮ! መርፌው በየት በኩል ይግባ?» ብላ ከሙዳዩ ውስጥ ጣለቻቸው፤ አንቀልባው አሁንም ሦስት እንደጎደለው ነው። የደጀኗን ድንጋይ ግን ወደደቻት። የጠላው ጋን ክዳን ላይ ጭናታለች።