የሴሮዌ ብርጌዶች፦ በሠልጣኞቹ ጉልበት የቆመ የሙያ ትምህርት ቤት ታሪክ

አንድ የገጠር ማኅበረሰብ ለልጆቹ የሙያ ትምህርት ቤት ለመሥራት ሲነሳ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። አንደኛው ሕንፃውን ማን ይሠራዋል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ በሩ ከተከፈተ በኋላ የአሠልጣኙን ደመወዝ፣ የመሣሪያውንና የጥሬ ዕቃውን ወጪ ዓመት ከዓመት ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው። በደቡባዊ አፍሪካ በምትገኘው ቦትስዋና፣ ሴሮዌ በተባለች ትልቅ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተካሄደው ሥራ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የፈለገ በመሆኑ፣ በኅብረት ሥራ ለተደራጀ አርሶ አደር ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ።

የሴሮዌ ሁኔታ

አገሪቱ በዚያን ጊዜ ቤቹዋናላንድ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በእንግሊዝ የበላይ ጠባቂነት ሥር ቆይታ፣ ቦትስዋና በሚል ስም ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሴሮዌ የባንግዋቶ ሕዝብ መናገሻ ስትሆን፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሰሬትሴ ካማም የተወለዱት በዚያው ነው።

የሕዝቡ ዋነኛ መተዳደሪያ የከብት እርባታ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው ከባድ ድርቅ የአገሪቱን ከብት ሲሶ ያህል ጨረሰ። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ይሄዱ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጣም ጥቂት በመሆናቸው፣ አንደኛ ደረጃን ከሚያጠናቅቁት ልጆች አብዛኞቹ የሚቀጥሉበት ቦታ አልነበራቸውም። ከብት ያለቀበት ቤተሰብ ልጅ ደግሞ ወደ ቤቱ ቢመለስም የሚጠብቀው መንጋ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ በጋራ የመሥራት ልማድ ነበረው። ከእኛ አገር ደቦ ጋር የሚመሳሰል ሌጼማ የሚባል የጋራ ሥራ ነበረው። እኩዮች በዕድሜ እየተመደቡ ለሕዝብ ሥራ የሚሰለፉበት ሥርዓትም ነበረው። በ1940ዎቹ በጸኬዲ ካማ መሪነት የሞኤንግ ኮሌጅ የተገነባው ከሕዝቡ በተሰበሰበ የከብት መዋጮና በእነዚሁ የዕድሜ ጓዶች ጉልበት ነው። ስለዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ያረፈው ቀድሞ በነበረ መሠረት ላይ ነው።

ስዋኔንግ ሂል ትምህርት ቤት

ፓትሪክ ቫን ሬንስበርግ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነበሩ። በቤልጂግ ኮንጎ የአገራቸው ምክትል ቆንስል ሆነው ሲያገለግሉ የአፓርታይድን ሥርዓት በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራቸውን ለቀቁ። በኋላም በለንደን የደቡብ አፍሪካ ዕቃ እንዳይገዛ በተካሄደው ዘመቻ ተሳትፈው፣ በስደት ወደ ቤቹዋናላንድ መጡ። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1963 ስዋኔንግ ሂል የተባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሴሮዌ ከፈቱ።

ትምህርት ቤቱ ሲጀመር የነበሩት ተማሪዎች ጥቂት፣ ሕንፃውም ያላለቀ ነበር። ተማሪዎቹ፣ መምህራኑና ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከትምህርት ሰዓት ውጭ መሠረት እየቆፈሩና ግድግዳ እያቆሙ ክፍሎቹን በየጊዜው አሳደጉ። በአካባቢውም የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅ ተቋቋመ። ዓላማው ትምህርትና የኑሮ ማሻሻያ ሥራ አብረው እንዲሄዱ ነበር።

ሆኖም አንድ ችግር ቶሎ ታየ። ሁለተኛ ደረጃ የገቡት ጥቂቶች የመንግሥት ቢሮ ሥራ ይጠባበቁ ጀመር፤ አካፋና ዶማ የያዙት ለጊዜው እንደሆነ የሚቆጥሩም ነበሩ። ዕድሉን ያላገኙት ብዙዎች ግን ከአጥሩ ውጭ እንደቀሩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ድሃውን አገለግላለሁ ብሎ ተነስቶ በድሃው መንደር ውስጥ ጥቂት የታደሉ ሰዎችን ብቻ ሊያወጣ ነው የሚለው ሥጋት ቫን ሬንስበርግን ወደ ሁለተኛው ሙከራ መራቸው።

ብርጌድ ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያው የግንበኞች ብርጌድ ተቋቋመ። ብርጌድ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጦርን ሳይሆን ለሥራና ለትምህርት የተሰለፈ የወጣቶች ቡድንን ያመለክታል። አባላቱ አንደኛ ደረጃን ጨርሰው መቀጠል ያልቻሉ ወጣቶች ነበሩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ብርጌዱ የግንባታ ሥራ በክፍያ ይቀበላል። ሠልጣኞቹ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በአሠልጣኝ እየተመሩ በሥራው ቦታ ያሳልፋሉ፤ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የሙያውን ንድፈ ሐሳብና ስለ አገር ልማት ይማራሉ። ከሥራው የሚገኘው ገቢ ለአሠልጣኙ ደመወዝ፣ ለመሣሪያና ለሠልጣኞቹ አነስተኛ አበል ይውላል። በዚህ መንገድ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል የማይችል ወጣት በላቡ ይማራል፤ መንደሩም ቤትና የመማሪያ ክፍል ያገኛል።

ግንበኞቹን ተከትለው የአርሶ አደሮች፣ የአናጺዎች፣ የመካኒኮች፣ የቆዳ ፋቂዎችና የሸማኔዎች ብርጌዶች ተነሱ። በሽመናና በልብስ ስፌት ሥራ ሴቶች ልጆች ሠለጠኑ። ሐሳቡም ወደ ካንዬ፣ ወደ ሞቹዲ፣ ወደ ሞሌፖሎሌና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛመተ። በየስፍራው የአካባቢው ሰዎች ያሉበት የአስተዳደር ቦርድ ብርጌዱን ይመራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ቦይቴኮ የተባለ የጋራ ሥራ ማኅበር በሴሮዌ ተመሠረተ። በዚህ ማኅበር ጎልማሶችና እናቶች በአትክልት ልማት፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ተሰማርተው ነበር። በሴሮዌ ትኖር የነበረችው ደራሲት ቤሲ ሄድ በአትክልቱ ሥራ ተሳትፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው የሴሮዌ ታሪክ መጽሐፍም ለቫን ሬንስበርግና ለሥራዎቻቸው አንድ ክፍል ሰጥታለች። በዚያው ዓመት ቫን ሬንስበርግ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ገቢና ትምህርት ሲጋጩ

የብርጌዶቹ ታሪክ የስኬት ብቻ አይደለም። ዋነኛው ችግር የመነጨው ከራሱ ከጥንካሬያቸው ነው። ወጪውን በገቢው የሚሸፍን ድርጅት የተቀበለውን ሥራ በቀኑ ማድረስ አለበት። ለመማር የመጣ ወጣት ግን ይሳሳታል፤ ጡብ ያበላሻል፤ ሥራም ያዘገያል። ደንበኛ ሲያጣድፍ ፈጣኑን ልጅ በሚችለው ሥራ ላይ ማቆየት ለገቢ ይበጃል፤ ልጁ ግን ከአንድ ሥራ ሌላ ሳያውቅ ሊወጣ ነው። በሌላ በኩል ትምህርቱ ሲበዛ ገቢው ይቀንሳል፤ የአሠልጣኙም ደመወዝ ይጎድላል። ከጊዜ በኋላ መንግሥት ለሥልጠናው ድጎማ መስጠቱ ይህን ጫና ለማቃለል ረድቷል።

ሁለተኛው ችግር ከምረቃ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ግንበኛው በየሄደበት ሥራ ሊያገኝ ይችላል። በእርሻ የሠለጠነው ወጣት ግን ሙያውን ቢያውቅም በሬ፣ ውኃና መነሻ ገንዘብ ከሌለው እውቀቱን የሚያውልበት አያገኝም። በድርቅ በሚጠቃ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ችግር የአመለካከት ነው። ብዙ ወላጆች ብርጌድን ያዩት የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ላመለጠው ልጅ እንደተሰጠ ማካካሻ ነው። በዚህ ላይ አሠልጣኞቹ በብዛት የውጭ በጎ ፈቃደኞች ስለነበሩ፣ የውል ጊዜያቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሥራው ይናጋ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1967 በኋላ የአልማዝ ሀብት ሲገኝ የአገሪቱ መንግሥት አቅም አደገ። የትምህርት ዕድልም ሰፋ። ብርጌዶቹ ለአሥርተ ዓመታት በማኅበረሰብ ቦርድ ሲመሩ ቆይተው፣ በ2000ዎቹ በተወሰነው መሠረት ደረጃ በደረጃ በመንግሥት የሙያ ሥልጠና ሥርዓት ውስጥ ተጠቃለሉ። ቫን ሬንስበርግም እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋነኛ ቁም ነገር፣ ድሃው ወጣት የሚማርበት ገንዘብ ባይኖረውም የሚማርበት ጉልበት እንዳለው ነው። ነገር ግን የሥልጠናው ሸክም በሙሉ በወጣቱ ትከሻ ላይ ከተጣለ ትምህርት ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ርካሽ የጉልበት ማሰማሪያነት ይለወጣል። የሴሮዌ ብርጌዶች ከባዱን ዓመታት የተሻገሩት የሠልጣኙ ላብ፣ የመንደሩ ቦርድ፣ የመንግሥት ድጎማና የውጭ ወዳጆች እርዳታ ስለተደጋገፉ ነው።

የኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ ረገድ ለብቻው የቆመ ትምህርት ቤት የሌለው ጥቅም አለው። መጋዘን ያሠራል፤ ወፍጮና የጭነት መኪና ያስጠግናል፤ ለአባላቱ ግብዓት ያቀርባል። ይህ ሁሉ ለሠልጣኝ ወጣት የልምምድ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከትርፉም ጥቂቱን ለሥልጠና ቢመድብ አሠልጣኙ ደንበኛን ለማስደሰት ሲል ተማሪውን እንዳይረሳ ያደርገዋል። ወጣቱ ሠልጥኖ ሲወጣም ብድር፣ መሣሪያና ገበያ የሚያገኝበት ማኅበር በደጁ አለ፤ የሴሮዌው ወጣት አርሶ አደር የጎደለው ይህ ነበር።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ የአንድን የሙያ ትምህርት ቤት ወጪ አንድ ወላጅ ወይም አንድ ለጋሽ ብቻውን ሊዘልቀው አይችልም። በሺህ የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ማኅበር ግን ሸክሙን ተከፋፍሎ ሊወጣው ይችላል።