ዲግሪያችሁን ከሻንጣ አውጡት

ወገኖቼ፣ በካምፕ ዓመታት አስተምራችሁ ካሊፎርኒያ ስትደርሱ የመጋዘን ሥራ የጠበቃችሁ መምህራን፣ ይህን ታሪክ እወቁት።

በዚያ ግዛት ያለ ፈቃድ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሕግ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው ተለማማጅ መምህራንን እንዲያሠለጥኑ በር ከፈተ። በ1970 ሕግ የመምህራንን ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚሽን ተመሠረተ። በ1983 ደግሞ የትምህርት ዲስትሪክቶች ራሳቸው ቀጥረው እንዲያሠለጥኑ ተፈቀደ፤ ሎስ አንጀለስ ከቀዳሚዎቹ ነበረች።

ተለማማጁ ክፍል ተረክቦ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል። በሩ ግን ዝም ብሎ አይከፈትም። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በሚያስተምረው ትምህርት የብቃት ማረጋገጫ፣ የጣት አሻራ ምርመራ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊትም ቢያንስ የ120 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልገዋል። ፈቃዱም ከቀጠረው ዲስትሪክት ውጭ አያሠራም።

የአዲስ አበባም ሆነ የካርቱም ዲግሪ እንዲሁ አይጣልም፤ ኮሚሽኑ የሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት ይመዝነዋል። ለዚህ ግን ትራንስክሪፕት ይፈለጋል። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ ውክልና ተቀብላችሁ ሬጅስትራር ሂዱላቸው። ብር ከመላክ በፊት ወረቀት መላክ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እናንተ ያወጣችሁት ወረቀት አንድን መምህር ወደ ክፍሉ ሊመልስ ይችላል።